«ደብል» ክፍል ውስጥ ስንት አልጋ አለ?

የጉዞ ዓምድ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሐዋሳና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሁሉም በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ ይኸውም ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ሰው ሆቴል ሲይዝ የሚያጋጥሙት የክፍልና የአልጋ ዓይነቶች ናቸው። ደብዳቤዎቹን ፍሬ ነገራቸውን ሳንለቅ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሁለት ወንድ ባልደረቦች ስንሆን በቅርቡ ለስልጠና ወደ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት እንሄዳለን። ጋባዡ ድርጅት በላከልን ደብዳቤ ላይ ሁለታችንም በአንድ «ደብል ሩም» እንደምናርፍ ተጽፏል። እዚህ ሐዋሳ ለስልጠና የሚመጡ ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲያድሩ ስለምናይ ነገሩ አላስደነገጠንም ነበር። አንድ ወዳጃችን ግን «ደብል ማለት ለባልና ሚስት የሚሰጥ አንድ አልጋ ነው» ብሎ ግራ አጋባን። እውነት ነውን? (ከመነኻሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ወዳጃችሁ የነገራችሁ በብዙ አገሮች የሚሠራ ነው፤ ጀርመን ላይ ግን ነገሩ መልኩን ትንሽ ይለውጣል። በሆቴል ሥራ «ሲንግል» የሚባለው ለአንድ ሰው፣ «ደብል» የሚባለው ለሁለት ሰው የተዘጋጀ ክፍል ሲሆን፣ ደብል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሁለት ሰው የሚያስተኛ አንድ ሰፊ አልጋ ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ የሚተኙባቸው ሁለት ጠበብ ያሉ አልጋዎች ያሉት ክፍል ደግሞ «ትዊን» ይባላል። ስለዚህ ባልና ሚስት ያልሆኑ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ሲጋሩ መጠየቅ ያለባቸው ትዊን ነው።

ይሁንና ይህ ልማድ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። ጣሊያን ውስጥ «ካሜራ ዶፒያ» ብላችሁ ብትይዙ በአብዛኛው የሚሰጣችሁ ሁለት የተለያዩ አልጋዎች ያሉት ክፍል ነው፤ አንድ ሰፊ አልጋ የሚፈልጉ ሰዎች የሚይዙት «ማትሪሞኒያሌ» የሚባለውን ነው። ለንግድ ወደ ጓንዡ የሚመላለሱ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት ደግሞ፣ ቻይና ውስጥ «ስታንዳርድ» የሚባለው ክፍል ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት አልጋ ሲሆን፣ አንድ አልጋ የፈለገ ሰው «ባለ ትልቅ አልጋ» የሚለውን ለይቶ መምረጥ ይኖርበታል።

ወደ እናንተ ጉዳይ ስንመጣ፣ ጀርመን ውስጥ የአንድን ደብል ክፍል በር ስትከፍቱ ከሩቅ የሚታያችሁ አንድ ሰፊ አልጋ ነው። ቀረብ ብላችሁ ስትገልጡት ግን በአንድ የእንጨት ጠርዝ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ፍራሾች ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዳቸው ብዙውን ጊዜ 90 ሴንቲሜትር ስፋትና 2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሲሆኑ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። በላያቸው ላይም ሁለት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚጓተቱበት አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ሳይሆን፣ ለየብቻ የታጠፉ ሁለት ኮምፎርቶች ይቀመጣሉ። የአገሩ ባልና ሚስቶችም የሚተኙት እንዲሁ ስለሆነ ማንም እንደ እንግዳ ነገር አያየውም። ለሁለት የሥራ ባልደረቦች ግን ይህ ዓይነቱ አልጋ ከአንድ ፍራሽ ይሻላል ቢባል እንጂ ሁለት አልጋ ነው ሊባል አይችልም። በአንዳንድ ሆቴሎች ጠርዙም ሁለት ስለሆነ ሠራተኞቹ አልጋዎቹን ለያይተው ኮመዲኖውን መሐል ላይ ያደርጉላችኋል፤ ጠርዙ አንድ ወጥ ከሆነ ግን ሌሊት ደርሳችሁ ብትለምኑም የሚያደርጉላችሁ ነገር አይኖርም።

በመሆኑም ከመነሳታችሁ በፊት ጻፉ፤ የምትጽፉትም ለሆቴሉ ሳይሆን ክፍሉን በስሙ ለያዘው ለጋባዡ ድርጅት ይሁን። «ትዊን» ብቻ ብላችሁ ከመተው «ቱ ሴፓሬት ቤድስ» ብላችሁ ሁለት የተለያዩ አልጋዎች እንደምትፈልጉ ግልጽ አድርጉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ልዩነት አለ። ክፍሉ ከመጀመሪያው «ትዊን» ተብሎ የተሸጠ ከሆነ ሆቴሉ ሁለት አልጋ የመስጠት ግዴታ ገብቷል ማለት ነው። «ደብል ወይም ትዊን» ተብሎ የተሸጠና እናንተ ምርጫችሁን በማሳሰቢያ ቦታው ላይ የጻፋችሁ ከሆነ ግን፣ ያ ጽሑፍ የሚቆጠረው እንደ ምኞት ነው፤ ክፍት ክፍል ከተገኘ ይፈጸማል፣ ካልተገኘ ተጠያቂ የለም። ስለዚህ ድርጅቱ በማረጋገጫው ሰነድ ላይ የክፍሉ ዓይነት ራሱ ተለውጦ እንዲጻፍ እንዲያስደርግላችሁ ጠይቁ። በዚያው ሰነድ ላይ የሁለታችሁም ስም በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ሆኖ መስፈሩንም አረጋግጡ፤ ለሸንገን ቪዛ ስታመለክቱ የማረፊያ ማስረጃ ስለምትጠየቁ የአንዳችሁ ስም ብቻ ያለበት ወረቀት ለሌላው አይጠቅመውም።

የግል አስተያየቴን ልጨምር፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁ የምታንኮራፉ ከሆነ አልጋ መለያየቱ መፍትሔ ስለማይሆን፣ ከአበላችሁ ላይ ልዩነቱን ከፍሎ ለብቻ መያዝ ይቻል እንደሆነ ከወዲሁ መጠየቁ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ታላቋ ልጃችን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርቷን ስለምታጠናቅቅ እኔ፣ ባለቤቴና የ16 እና የ12 ዓመት ወንዶች ልጆቻችን ለምርቃቷ ለመሄድ እየተዘጋጀን ነው። እሷ የምትኖርበት ቤት ስለማይበቃን ሆቴል ስንፈልግ «አንድ ኪንግ»፣ «ሁለት ኩዊን»፣ «ሁለት ፉል» የሚሉ ክፍሎች ገጠሙን። የየትኛው ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ብታብራሩልን። (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ስሞች የአልጋ ስፋት መለኪያዎች ናቸው፤ እኛ ፍራሽ ስንገዛ «ሜትር ከሃያ»፣ «ሜትር ከሃምሳ»፣ «ሜትር ከሰማንያ» እንደምንለው ማለት ነው። ከጠባቡ ብንጀምር «ትዊን» የሚባለው አልጋ 97 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ ስለዚህ እዚያ አገር ትዊን የክፍል ስም ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰው አልጋ ስምም ስለሆነ ከላይ ለባልደረቦቹ ከሰጠነው ማብራሪያ ጋር እንዳይምታታባችሁ። «ፉል» ወይም አንዳንዴ «ደብል» የሚባለው 137፣ «ኩዊን» 152፣ «ኪንግ» ደግሞ 193 ሴንቲሜትር ይሰፋል። ርዝመታቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 191፣ የኋለኞቹ ሁለቱ 203 ሴንቲሜትር ነው። በምዕራባዊው የአገሪቱ ክፍል «ካሊፎርኒያ ኪንግ» የሚባል አልጋ ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ ይህኛው ከኪንግ በ10 ሴንቲሜትር ጠበብ፣ በ10 ሴንቲሜትር ረዘም ያለ ነው።

በእናንተ ሁኔታ «ሁለት ኩዊን» የሚለው ክፍል የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ኩዊን በእኛ አነጋገር ሜትር ከሃምሳ እንደማለት ስለሆነ ለባልና ሚስት አይጠብም፤ ወንድማማቾቹም ይችሉታል። «ሁለት ፉል» የሚለው በዋጋ ትንሽ ሊረክስ ይችላል፤ ነገር ግን በ137 ሴንቲሜትር አልጋ ላይ የ16 ዓመት ጎረምሳ ከታናሹ ጋር ሲገፋፋ ማደሩን ስታስቡት የምታተርፉት ገንዘብ ብዙም አያጓጓም። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚተመነው በክፍል እንጂ በሰው ቁጥር ስላልሆነ፣ ሁለት ኩዊን ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ አራት ሰው ይቀበላል። ቢሆንም ስትይዙ አራት መሆናችሁን በግልጽ መሙላት አለባችሁ።

ልጆቹ ወደፊት እንግሊዝ አገር ቢሄዱ ደግሞ እነዚህን ቁጥሮች ይዘው እንዳይሄዱ። በእንግሊዝ «ኪንግ» የሚባለው አልጋ 150 ሴንቲሜትር ነው፤ በአሜሪካው ኩዊን ልክ ማለት ሲሆን፣ ያው «ኪንግ» የሚል ስም ይዞ ከአሜሪካው በ43 ሴንቲሜትር ያንሳል። የእንግሊዝ «ደብል» 135፣ «ሱፐር ኪንግ» 180 ሴንቲሜትር ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ «ሴሚ ደብል» የሚባል 120 ሴንቲሜትር የሆነ አልጋ ለሁለት ሰው ይሸጣል። የእኛው ሜትር ከሃያ ነው! እዚያ ዋጋው ብዙ ጊዜ በሰው ስለሚተመን ሁለት ሆነው በዚያ አልጋ ላይ ለሚያድሩ ሰዎች ሁለተኛው ሰው በነፃ አይተኛም።

ስለዚህ በማንኛውም አገር ስሙን ትታችሁ ሴንቲሜትሩን ፈልጉ። ቡኪንግ ዶት ኮም ላይ ለምሳሌ ከአልጋው ስም አጠገብ ከ131 እስከ 150፣ ከ151 እስከ 180፣ ከ181 እስከ 210 እየተባለ የስፋት ክልል ይጻፋል። በቁጥሩ ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ ቤታችሁ ካለው አልጋ ጋር በሜትር አመሳክሩት፤ ከማንኛውም ፎቶግራፍ የተሻለ ያስረዳል። የሆቴል ፎቶግራፍ ከክፍሉ ጥግ ሆኖ በሰፊ ሌንስ ስለሚነሳ ጠባቡን ክፍል አዳራሽ ያስመስለዋል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ከሦስት ልጆቻችን ጋር ለእረፍት ወደ ዱባይ ለመሄድ አስበናል። ልጆቹ 14፣ 9 እና 2 ዓመታቸው ነው። አንድ ክፍል ይዘን ሁላችንም ብንገባ ይከለክሉናል? ወይስ ሁለት ክፍል መያዝ ግድ ነው? (ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እያንዳንዱ ክፍል ሊቀበል የሚችለው ከፍተኛ የሰው ቁጥር አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ይህም ቁጥር «ሁለት አዋቂና አንድ ልጅ» ወይም «ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ» እየተባለ ከክፍሉ መግለጫ ጋር ይጻፋል። አምስት ሆኖ ወደ ተራ ደብል ክፍል መግባት በብዙ ሆቴሎች አይፈቀድም። ዋጋው እንዲቀንስ ብሎ ሁለት ሰው ብቻ መዝግቦ ከነቤተሰቡ የሚደርስ ሰው አለ፤ እንግዳ መቀበያው ላይ የሁሉም ፓስፖርት ስለሚጠየቅ ነገሩ ወዲያው ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ በዕለቱ ዋጋ ሌላ ክፍል ከመያዝ በቀር ምርጫ አይኖርም። እንዲያውም ሆቴሉ ሞልቶ ከሆነ ልጆች ይዞ በሌሊት ሌላ ሆቴል ፍለጋ መንከራተት ይመጣል።

የልጅ ዕድሜ የሚቆጠረውም በየሆቴሉ ደንብ ነው። አንዱ ዘንድ ልጅ የሚባለው እስከ 12 ዓመት፣ ሌላው ዘንድ እስከ 16 ወይም 18 ስለሆነ የ14 ዓመቱ ልጃችሁ እንደ አዋቂ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ለሁለት ዓመቱ ሕፃን የሚሆን ከለላ ያለው ትንሽ አልጋ ብዙ ሆቴሎች በነፃ ይሰጣሉ፤ ቁጥራቸው ውስን ስለሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ኤክስትራ ቤድ» የሚባለው ተጨማሪ አልጋ ብዙ ጊዜ ጎማ ያለው ተጣጣፊ አልጋ ሲሆን ለብቻው ይከፈልበታል። «ሶፋ ቤድ» ደግሞ ቀን መቀመጫ፣ ማታ ተስቦ አልጋ የሚሆን ነው፤ ፍራሹ ስስ ስለሚሆን ለ9 ዓመት ልጅ ይበቃል፣ ለጎልማሳ ግን ወገብ ይጎዳል።

ሁለት ክፍል ለመያዝ ከወሰናችሁ «ኮኔክቲንግ» የሚለውን ፈልጉ፤ ይህ ማለት በሁለቱ ክፍሎች መካከል ከውስጥ የሚከፈት በር አለ ማለት ነው። «አድጆይኒንግ» የሚባለው ጎረቤት መሆናቸውን ብቻ የሚገልጽ በመሆኑ ልጆቹን ለማየት በኮሪደር መዞር ያስፈልጋል። አንዳንድ ሆቴሎች በእያንዳንዱ ክፍል አንድ አዋቂ እንዲመዘገብ ስለሚጠይቁ ምዝገባው ላይ እናት በአንዱ፣ አባት በሌላው መጻፋችሁ ይመረጣል። በሩ መኖሩ በጽሑፍ ካልተረጋገጠላችሁ እንዳለ አትቁጠሩት።

ለአምስት ሰው ቤተሰብ ግን እኔ የምመክረው ባለ ሁለት መኝታ የሆቴል አፓርታማ ነው። ወጥ ቤትና ማቀዝቀዣ ስላለው ለሕፃኑ ምግብ ማሞቅ ይቻላል፤ ልጆቹ በአንድ ጣራ ሥር ይሆናሉ። ዋጋ ስታነጻጽሩ ዱባይ ውስጥ «ቱሪዝም ድርሃም» የሚባል ክፍያ መኖሩን አትርሱ። እንደ ሆቴሉ ደረጃ በአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት ከ7 እስከ 20 ድርሃም የሚደርስ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ኦንላይን ከከፈላችሁት ውጪ ሆቴሉ ላይ ይጠየቃል፤ ሁለት ክፍል የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ከዚህም ሌላ ሆቴሎች ሲገባ መያዣ ገንዘብ ስለሚጠይቁና ብዙዎቹ ይህን በካርድ ስለሚይዙት፣ በእጃችሁ የያዛችሁት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ይቀበሉ እንደሆነ በኢሜይል ጠይቁ። መያዣው ስትወጡ የሚመለስ ቢሆንም በጉዞው ቀናት ውስጥ ግን የማትነኩት ገንዘብ ነው፤ ከባንክ በተወሰነ መጠን ምንዛሪ ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴና አክስቴ ለዑምራ ሊሄዱ ነው። አስጓዡ ድርጅት «ኳድ»፣ «ትሪፕል» እና «ደብል» እያለ ሦስት ዋጋ ሰጠን። ሁለቱም እናቶች በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ የትኛውን ልምረጥላቸው? (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ በዑምራ ጉዞ ዋጋው የሚነገረው ለአንድ ሰው ሲሆን፣ ስሞቹ የሚገልጹት ያ ሰው ክፍሉን ከስንት ሰው ጋር እንደሚጋራ ነው። ኳድ አራት፣ ትሪፕል ሦስት፣ ደብል ሁለት ሰው ማለት ነው። እዚህ ደብል ሲባል በአብዛኛው ሁለት የተለያዩ አልጋዎች ማለት ስለሆነ ለእናትዎና ለአክስትዎ ችግር አይፈጥርም። በኳድ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ሁለት ሴት ተጓዦች ጋር ይደባለቃሉ፤ አራት አልጋና የአራት ሰው ሻንጣ በአንድ ክፍል ሲገባ በአልጋዎቹ መካከል የሚቀረው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱም አንድ ብቻ ስለሆነ ለሱብሒ ሰላት ሁሉም በአንድ ሰዓት ውዱእ ለማድረግ ይሰለፋሉ። አቅም ከፈቀደ ለሁለቱ ደብል ይያዝላቸው። አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ኳዱን ወስደው ልዩነቱን ለሐረም፣ ማለትም ለታላቁ መስጊድ፣ ቅርብ በሆነ ሆቴል ላይ ማዋል ይሻላል እላለሁ፤ ጉልበት ለደከመው ሰው ከክፍሉ ጥበት ይልቅ የመንገዱ ርዝመት ይከብዳል። በውላችሁ ላይ የሆቴሉ ስም እንዲጻፍ አድርጉ፤ «ለሐረም ቅርብ» የሚል ቃል ብቻውን ምንም አያስይዝም።

ጥያቄ፦ «ስታንዳርድ»፣ «ሱፒሪየር»፣ «ዴሉክስ» የሚባሉት ደረጃዎች በምን ይለያያሉ? (ከባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ሆቴሉ ራሱ በፈለገው ነው የሚለያዩት። እነዚህን ቃላት የሚወስን ዓለም አቀፍ ሕግ የለም፤ የአንዱ ሆቴል ዴሉክስ ከሌላው ስታንዳርድ ሊያንስ ይችላል። የሚያወዳድሩት በዚያው ሆቴል ውስጥ ባሉ ክፍሎች መካከል ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ልዩነቱ አንዳንዴ በካሬ ሜትር፣ አንዳንዴ በፎቁ ከፍታ፣ አንዳንዴም በመስኮቱ አቅጣጫ ብቻ ይሆናል። «ስዊት» ሲባል መኝታውና ሳሎኑ በግድግዳ የተለያዩ ናቸው ብለን እንጠብቃለን፤ «ጁኒየር ስዊት» ግን መቀመጫ የታከለበት አንድ ሰፊ ክፍል ነው። «ስቱዲዮ» የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው ትንሽ ወጥ ቤት ያለበት አንድ ክፍል ነው።

ስለ መስኮት ካነሳን ዘንድ፣ የሐዋሳ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ አልጋ ላይ ተኝቶ ውኃው የሚታይበት ክፍልና ከበረንዳው ጫፍ አንገት አስግጎ ካልሆነ በቀር የማይታይበት ክፍል አንድ አይደሉም። ውጭ አገርም «ሲ ቪው» እና «ፓርሻል ሲ ቪው» ተብለው በተለያየ ዋጋ ይሸጣሉ፤ «ሲ ሳይድ» የሚለው ደግሞ ሕንፃው በባሕሩ በኩል መሆኑን እንጂ ባሕሩ መታየቱን አይናገርም።

ጥያቄ፦ ለአጭር ኮርስ ለንደን የምሄድ ተማሪ ነኝ። ርካሽ ማረፊያ ስፈልግ «ኤንስዊት»፣ «ፕራይቬት ባዝሩም» እና «ሚክስድ ዶርም» የሚሉ አገላለጾች አየሁ። እኔ ሴት ነኝ፤ የትኛው ይሻለኛል? (ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ «ዶርም» እንደ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ተደራራቢ አልጋዎች ያሉበት የጋራ ክፍል ነው፤ የሚከራዩትም ክፍሉን ሳይሆን አንዱን አልጋ ብቻ ነው። «ሚክስድ» የሚል ከሆነ ወንድና ሴት አብረው ያድሩበታል፤ ስለዚህ «ፊሜል ዶርም» የሚለውን ይምረጡ፤ ለሻንጣ መቆለፊያ ሳጥን መኖሩንና ቁልፉን ይዞ መምጣት ያለበት ማን እንደሆነም ይጠይቁ፤ በብዙዎቹ ሆስቴሎች ጓጉንቸሩን የሚያመጣው እንግዳው ነውና። ለብቻዎ ክፍል ከያዙ «ኤንስዊት» ማለት መታጠቢያ ቤቱ በክፍሉ ውስጥ ነው ማለት ነው። «ፕራይቬት ባዝሩም» ግን መታጠቢያው የእርስዎ ብቻ መሆኑን ይገልጻል እንጂ የት እንዳለ አይገልጽም፤ ቁልፍ ይዘው ኮሪደሩን አቋርጠው የሚሄዱበት ሊሆን ይችላል። «ሼርድ» ከተባለ ደግሞ ከሌሎች እንግዶች ጋር በወረፋ ነው። በለንደን አሮጌ ቤቶች ውስጥ ካሉት ርካሽ ማረፊያዎች ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም፤ ሻንጣዎ ከባድ ከሆነ የሚሰጥዎት ክፍል ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ እነሱ «ፈርስት ፍሎር» የሚሉትም ከምድር ቤቱ ቀጥሎ ያለውን ፎቅ ነው።